3 ሰዓት፣ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?

ፋርማሲስት ነኝ። አዳር ስለምሠራ ቅዳሜ ከሰዓት የምመኘው እንቅልፍ ነው። ያም ሆኖ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ካፌ ፎቅ ላይ በወር አንዴ ከሚሰበሰብ የንባብ ክበብ አራት ወር ሙሉ አልቀረሁም። ጉዳዩ ጊዜ ነው፤ ስልክና ኢንተርኔት ጊዜያችንን ምን እንዳደረጉት። የሶፍትዌር መሐንዲስ አለ፣ የሶሲዮሎጂ ተማሪዎች አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ የታሪክ መምህር አሉ። መግቢያ የለውም፤ የጠጡትን መክፈል ነው።

ወቀሳዬን ላስቀድም። ጽሑፉ የሚላከው ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ነው። 60 ገጽ ፒዲኤፍ፣ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ ተጣሞ ስካን የተደረገ። ማን ሊያደርሰው ነው? ስለ ጊዜ ሊወያይ የመጣ ሰው 40 ደቂቃ አርፍዶ ሲጀምር ደግሞ ያበሽቃል።

የሁለተኛው ወር ግብዣ «3፡00» ይላል። ከአዳር ወጥቼ በቀጥታ ጠዋት 3 ሰዓት ደረስኩ። ካፌው ገና እየተጠረገ ነው። ከጋሼ በቀር ማንም የለም። ሌሎቹ የመጡት 9 ሰዓት ነው፤ ለካ በፈረንጅ ኖሯል። እኔ ቤቴ ሄጄ ተኝቼ ተመለስኩ። ጋሼ እዚያው ቁጭ ብለው ስድስት ሰዓት ጠበቁ።

የቀኑ ጽሑፍ ተረሳ። መሐንዲሱ «ስልኩ ውስጡ ሀበሻም ፈረንጅም አያውቅም» አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ እኛ የምናየው ተመንዝሮ ነው። ጋሼ ትንሽ አሰሉና «ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ነዋ!» አሉ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሌላ የት ይገኛል?

ጀርመናዊው ሶሲዮሎጂስት ሃርትሙት ሮዛ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ማሽኑ ጊዜ ከቆጠበልን ለምን ጊዜ አጠረን ነው ነገሩ። ኢሜይል ከደብዳቤ ይፈጥናል፤ የምንጽፈው ግን ስንት እጥፍ ሆነ። ወንዶቹ በዚህ ሲከራከሩ እኔ አዛጋሁ።

የነቃሁት አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን በፈረንጅ 1983 ያሳተመችው ላይ ስንደርስ ነው። የቤት ማሽኖቹ ሲገቡ የባልና የልጆች ሥራ ቀለለ፤ የእናትየዋ ግን አልቀነሰም፤ ንጽሕና የሚባለው ራሱ ከፍ አለ ትላለች። የኔ ቤት ነዋ! ማሽን ከገዛን ወዲህ ልጄ አንድ ሰዓት የለበሰውን ሹራብ ቅርጫት ውስጥ ይወረውራል። ያን ቀን አፌን የያዘኝ አልነበረም።

ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ቢጨመርበት ለማንም ሰው ሂድ እል ነበር። አሁን እንግሊዝኛ የማይከብደው፣ መዘግየትም የማያናድደው ቢሄድ ይሻላል።

ግብዣው ላይ አሁን «ከሰዓት 9፣ በሀበሻ» ተብሎ ይጻፋል። ጋሼ ግን አሁንም ጠዋት ነው የሚመጡት። ካፌው ጸጥ ሲል ፒዲኤፉን እዚያው ያነቡታል።