ለእባብ ቀለብ የቷን እናርባ? አይጥ ወይስ አይጠ መጎጥ

እባብ የሚያሳድግ ሰው አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ብልጭ ይልበታል። «በየጊዜው ቀለብ ከምገዛ ለምን ራሴ አላረባም?» እኔም ብልጭ አለብኝ። የቷን እንደምመርጥ የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ በትንሿ አይጥ ጀመርኩ። ትንሽ ናት፣ ጠባብ ቦታ ይበቃታል፣ ጥቂት ነው የምትበላው ብዬ። ስምንት ወር ታገልኩና ወደ ትልቋ ዞርኩ። ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን የማስቀምጠው እናንተ ያን ስምንት ወር እንዳትደግሙት ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። በአማርኛ ሁለቱንም አይጥ ስለምንላቸው ነገሩ ቶሎ ይምታታል። እዚህ ጽሑፍ ላይ አይጥ የምላት ትንሿን ናት። አድጋም ከ20 እስከ 40 ግራም ነው የምትመዝነው። ትልቋን አይጠ መጎጥ እላታለሁ። ሴቴዋ ከ250 እስከ 350 ግራም ትመዝናለች፤ ወንዴው ግማሽ ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ለረጅም ዘመን በሰው እጅ የኖሩ ዘሮች ናቸው። ከጣሪያ ወይም ከቱቦ የተያዘች የዱር አይጥ ወሬው ውስጥም አትገባም። ጥገኛ ትልና በሽታ ይዛ ትመጣለች፤ የአይጥ መርዝ በልታ ከሆነ ደግሞ መርዙ ለእባቡ ይተርፋል።

መጀመሪያ የእባቡን ወገብ እዩ

ምርጫው ከአይጧ አይጀምርም፤ ከእባቡ ነው የሚጀምረው። የምትሰጡት ቀለብ ውፍረቱ የእባቡን የመሃል ወገብ ያህል፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ያለ መሆን አለበት። ስለዚህ ዛሬ ያለውን እባብ ሳይሆን ሲያድግ የሚሆነውን አስቡ። ኮርን ስኔክ፣ ኪንግ ስኔክ፣ ሚልክ ስኔክና ሆግኖዝ የሚባሉት የእባብ ዝርያዎች ካሏችሁ ሙሉ አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልካቸውን ትበቃቸዋለች። ቦል ፓይተን፣ ቦዋ ወይም ካርፔት ፓይተን ካላችሁ ግን መጨረሻችሁ አይጠ መጎጥ ነው። ያደገ ቦል ፓይተን በአንድ ጊዜ ወደ 100 ግራም ገደማ ይበላል። ያንን በአይጥ ልሙላው ካላችሁ ሦስትና አራት አይጥ በተከታታይ መስጠት ይኖርባችኋል።

እኔን ያሳመነኝ አንድ ስሌት አለ። አይጥ ስትወለድ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ትመዝናለች። አይጠ መጎጥ ስትወለድ ከ5 እስከ 6 ግራም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ጡት በሚጥሉበት ጊዜ፣ አይጧ 10 ግራም አካባቢ ስትሆን አይጠ መጎጧ ከ40 እስከ 50 ግራም ትደርሳለች። በሌላ አነጋገር የሦስት ሳምንት አይጠ መጎጥ ዕድገቷን ከጨረሰች አይጥ ትከብዳለች። በአምስተኛው ሳምንት 100 ግራም ትሞላለች። አይጧ ግን 30 ግራም እስክትደርስ ሁለት ወር ገደማ ስትበላ፣ ስትጠጣና ስትሸት ትቆያለች። ለዚህ ነው «ትንሿ ትቀላለች» የሚለው ሐሳብ የሚያታልለው።

አይጥ የማትተካበት ቦታም አለ። ከእንቁላል የወጣ ኮርን ስኔክ እንደ እርሳስ የቀጠነ ነው። ገና የተወለደች አይጠ መጎጥ እንኳ ትከብደዋለች። ፀጉር ያላወጣች፣ የተወለደች ቀን ያለች ቀይ አይጥ ያስፈልገዋል። እነዚህን ትናንሽ እባቦች የምታራቡ ከሆነ ከአይጥ አታመልጡም።

ቦል ፓይተን ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እባቡ በለመደው ሽታ ይጣበቃል። በአይጥ ያደገው የኔ ፓይተን አይጠ መጎጥ ሳቀርብለት ሰባት ሳምንት አፉን ዘጋ። ምላሱን ያወጣል፣ ያሸታል፣ አንገቱን ይመልሳል። በስምንተኛው ሳምንት ቀለቡን ከአይጦቹ ሳጥን ባወጣሁት አሮጌ ጉዝጓዝ ደህና አድርጌ አሸሁት። ያን ዕለት ማታ ሳያመነታ ያዘው። ቦል ፓይተን ገና በልጅነቱ ከእጃችሁ ከገባ ከመጀመሪያው ቀን በትናንሽ አይጠ መጎጦች አስለምዱት።

ሽታው

አይጥን የተውኩት በሽታዋ ነው። ወንዴው አይጥ ክልሉን በሽንቱ ያስከብራል። ሽንቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሽታውን ይይዝና ቀስ እያለ ይለቃል፤ ስለዚህ ከክፍሉ አይወጣም። መስኮት ብትከፍቱ፣ ሳጥኑን ብታጥቡ እሱ እቴ። እንዲያውም ሁሉን ጠራርጋችሁ ስታጥቡበት ክልሌ ተወሰደ ብሎ እንደ አዲስ ይረጫል። ከአሮጌው የጎጆ ጉዝጓዝ አንድ እፍኝ መመለስ ትንሽ ያረጋጋዋል። እኔ ግን በመጨረሻ ኮቴ ላይ ሸትቶኝ ነው የነቃሁት። ኮቱ የተሰቀለው ከሁለት ክፍል ወዲያ ነበር።

አይጠ መጎጥም ሽታ አላት። ብዙ ስለምትሸና ካልተጠረገላት አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል። ልዩነቱ ሽታዋ ለጽዳት እጅ መስጠቱ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጉዝጓዙ ከተቀየረ ቤት ውስጥ መኖር ይቻላል።

የአሞኒያው ነገር ከአፍንጫችን በላይ የእነሱን ሳንባ ይመለከታል። አይጠ መጎጦች ማይኮፕላዝማ በሚባል የሳንባ ተሕዋስ በጣም ይጠቃሉ፤ አሞኒያ ደግሞ ያባብሰዋል። ምልክቱን ልመዱት፦ ማስነጠስ፣ ሲተነፍሱ ክርክር የሚል ድምፅ፣ በዓይንና በአፍንጫ ዙሪያ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ። ደም አይደለም፤ ሲታመሙ ወይም ሲጨነቁ ከዓይናቸው ዕጢ የሚወጣ ነው። ለጉዝጓዝ ሰጋቱራ የምትጠቀሙ ከሆነ የዝግባና በደንብ ያልደረቀ የጥድ ሰጋቱራ ይቅርባችሁ። ጥሩ መዓዛ ያለው ለእኛ ነው፤ ለእነሱ ሳንባና ጉበት ጉዳት ነው። የአስፐን እንጨት ወይም የተቆራረጠ ወረቀት ይሻላል።

መጥኖ መደቆስ

አይጥ ከ19 እስከ 21 ቀን፣ አይጠ መጎጥ ከ21 እስከ 23 ቀን ታረግዛለች። አይጥ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 12፣ አይጠ መጎጥ ከ8 እስከ 14 ትወልዳለች። ሁለቱም በወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ማርገዝ ይችላሉ። ግልገሎቹም በአምስትና በስድስት ሳምንት ለመራባት ይደርሳሉ። ከዚያ በፊት ወንዱንና ሴቱን ካልለያችሁ ቁጥሩ ከእጃችሁ ይወጣል።

አያያዙ ትንሽ ይለያል። አይጥ ከሆነች አንድ ወንዴ ከሦስት እስከ አምስት ሴቴ ጋር በአንድ ሳጥን ትተዋላችሁ። እናቶቹ ግልገሎቹን ተባብረው ያጠባሉ። አይጠ መጎጥ ከሆነች ሆዷ ሲገፋ ወደ ብቻዋ ሳጥን አውጧት፣ ታጥባ ታስጥል፣ ጥቂት ሳምንት ትረፍ፣ ከዚያ ትመለስ። ያለ ዕረፍት የምትወልድ እናት ትከሳለች፣ ግልገሎቿም ያንሳሉ። እኔ እንዲህ ያለ እርባታ አልወድም፤ በቁጥርም አያዋጣም።

አሁን እናስላ። ሦስት ሴቴ አይጠ መጎጦች ያዙ። እያንዳንዷ ዕረፍቷን እየወሰደች በዓመት ስድስት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር ብትወልድ 180 ግልገል ማለት ነው። አንድ ያደገ ቦል ፓይተን በየሁለት ሳምንቱ ቢበላ በዓመት 26 ይበቃዋል። የቀሩት 154ቱስ? ይበላሉ፣ ቦታ ይይዛሉ፣ ወይ ፍሪዘር ይሞላሉ። ስለዚህ አንድ ሁለት እባብ ላለው ሰው ምክሬ አጭር ነው። አታርቡ። ሞቶ በፍሪዘር የቀዘቀዘውን ቀለብ ግዙ። ከአምስት ስድስት እባብ በላይ ሲኖራችሁ ነው እርባታ ትርጉም የሚሰጠው።

መኖውንም ጨምሩበት። አይጥ በቀን ከ4 እስከ 5 ግራም ትበላለች፤ አይጠ መጎጥ ከ15 እስከ 25። የምታጠባ እናት ከዚህ ሁለት ሦስት እጥፍ ትፈልጋለች። ፕሮቲኑ ከ18 በመቶ ያላነሰ፣ ለአይጥ ተብሎ የተጨመቀ መኖ ስጧቸው። ትራፊ ላይ ያደገች አይጥ ለእባቡም ትራፊ ናት።

ጠባያቸው

አይጥ ፈጣን ናት፣ ትደነግጣለች፣ ትነክሳለች። 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካገኘች ትሾልካለች። ለየብቻ አድገው የተገናኙ ወንዴዎች እስከ መገዳደል ይደባደባሉ። ወልዳ ከተረበሸች ልጆቿን ልትበላ ትችላለች። እኔ አንድ ጠዋት ሳጥኑን ለማጽዳት ብዬ ጎጆውን ነካሁት። ማታ ስመለስ ከዘጠኙ ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። ከወለደች በኋላ ለጥቂት ቀን ከምግብና ከውኃ በቀር እጃችሁን ከሳጥኑ አርቁ።

አይጠ መጎጥ ሌላ ፍጥረት ናት። አብረው ያደጉ ወንዴዎች በሰላም ይኖራሉ። ሰው ትለያለች። ከእናቶቹ አንዷ፣ ቀኝ ጆሮዋ ጫፉ የተቀደደው፣ ክዳኑን ስከፍት ሁለት እግሯ ላይ ቆማ ጣቴን ትልስ ነበር። ለመንከባከብ ደስ ትላለች፤ ለመግደል ግን ያንኑ ያህል ትከብዳለች። ይህን ሳልነግራችሁ አይጠ መጎጥ ይሻላል ብላችሁ ብትጀምሩ የደበቅኩባችሁ ይመስለኛል።

ማንም ማውራት የማይወደው ክፍል

ግልገሉን ከነሕይወቱ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ይቅር። ብዙዎች «ትንሽ ስለሆነ አይሰማውም» ይላሉ። ትክክል አይደለም። ለአዋቂዎቹ በሰፊው የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ ቀስ ብሎ መግባት አለበት፤ በደቂቃ ከሳጥኑ መጠን ከ30 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን እየሞላ። ገና የተወለዱት አየር ማጣትን ይቋቋማሉ፤ በጋዙ ውስጥ በጣም ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ከዚያም መሞታቸው በሌላ መንገድ መረጋገጥ አለበት። ይህን ከጽሑፍ አትማሩት። የእንስሳት ሐኪም አጠገባችሁ ቆሞ ያሳያችሁ። እጃችሁ እንቢ ካለ ደግሞ ምንም ነውር የለውም፤ የቀዘቀዘ መግዛት ለእናንተ የተሠራ መፍትሔ ነው።

«ከነሕይወቷ ብሰጠውስ?» የሚል ካለ የአይጠ መጎጥን ጥርስ ይይ። ፊት ለፊት የተጋረጠባት እባብ ካልራበው እሷ ትጀምራለች። ዓይን ታጠፋለች፣ ጀርባ ትበላለች። በዚህ ረገድ አይጥ ጉዳቷ ያንሳል እንጂ የለም አይባልም።

በሽታና አለርጂ

ሁለቱም ሳልሞኔላ ይዘው ሊሆን ይችላል። የቀለቡን በረዶ የምታስለቅቁበት ዕቃ ለሰው ምግብ አይመለስ። አይጥ ኤል ሲ ኤም የሚባል ቫይረስ ልትይዝ ትችላለች፤ ለእርጉዝ ሴት አደገኛ ነው። በአይጠ መጎጥ በኩል የአይጥ ንክሻ ትኩሳትና ሴኡል ቫይረስ አሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቤታቸው አይጠ መጎጥ የሚያረቡ ሰዎች በሴኡል ቫይረስ ተይዘዋል። አዲስ የመጡትን ከነባሮቹ ለይታችሁ በሌላ ክፍል ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት አቆዩ። ስታጸዱ ማስክ አድርጉ። የሽንታቸው ፕሮቲን ቀስ በቀስ አለርጂ ያስነሳል፤ ዓመት ያልነካው ሰው በድንገት አስም ይዞት ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛም አማራጭ አለ። በአፍሪካ በዱር የምትገኘው፣ ፀጉረ ለስላሳዋ ማስቶሚስ። ከ40 እስከ 80 ግራም ትመዝናለች፤ ሁሉንም እንቢ ያለ ቦል ፓይተን ብዙ ጊዜ እሷን ይበላል። ግን ትነክሳለች፣ አንዳንድ አገር ደግሞ ማርባቷ በሕግ የተከለከለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያረባ ሰው አልመክራትም።

ልትገዙ ስትሄዱ

እባቦቻችሁ እንደ ቦል ፓይተንና ቦዋ ካሉት ከወፍራሞቹ ወገን ከሆኑ አንድ ወንዴና ሁለት ሴቴ አይጠ መጎጥ ግዙ። እንደ ኮርን ስኔክ ካሉት ከቀጫጭኖቹ ወገን ከሆኑ፣ በተለይም እንቁላል የምታስፈለፍሉ ከሆነ፣ አንድ ወንዴና ሦስት ሴቴ አይጥ፤ ሳጥኑም ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይራቅ። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይሁን። ያረገዘች አትግዙ፤ በጉዞ ትደነግጣለች፣ አባቱንም አታውቁትም። ሻጩ እናቲቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ እጁን ሲዘረጋ እንዴት እንደምትሆንም ተመልከቱ። ቁጡ እናት ቁጡ ልጆች ትሰጣለች።

ከዚያ እያንዳንዷን አንሱና ጎኗን ወደ ጆሯችሁ ጠጋ አድርጉ። ጤነኛ አይጠ መጎጥ ስትተነፍስ ድምፅ የላትም። ክርክር የሚል ከሰማችሁ፣ ወይም አንዷ ስታስነጥስ ካያችሁ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀነስላችሁ ከዚያ ሳጥን አንዷንም አትውሰዱ።