የውሻ የትል ክኒን ግምገማ፦ ሦስት ቅመም ያለው ይሻላል

ሐዋሳ ውስጥ ለውሻ የትል መድኃኒት ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ሦስት ስሞች ፈልጉ፦ ፕራዚኳንቴል 50 ሚሊ ግራም፣ ፒራንቴል ኢምቦኔት 144 ሚሊ ግራም፣ ፌባንቴል 150 ሚሊ ግራም። ፕራዚኳንቴል ኮሶውን ይመታል፤ ሁለቱ ወስፋትንና ሌሎች ድቡልቡል ትሎችን። ባለ አንድ ቅመም ክኒን በዋጋ ቢያባብልም ግማሹን ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው።

መጠኑ ለ10 ኪሎ 1 ክኒን ነው፤ 25 ኪሎ ውሻ 2 ተኩል ይወስዳል። ክብደቱን በግምት አትተዉት። ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ቀንሱ። ማስራብ አያስፈልግም። ጉድለቱ ጣዕሙ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ቢደበቅም ሥጋውን በልቶ ክኒኑን የሚተፋ ሞልቷል፤ እስኪውጥ ጠብቁ።

«ሰጥቼው በወሩ ተመለሰ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የክኒኑ ጥፋት አይደለም። መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ለነገ አይጠብቅም። ፊንጢጣው አካባቢ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካያችሁ ኮሶው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቁንጫ ነው፤ ቁንጫው ካልጠፋ ክኒን ብቻውን ከንቱ ነው። ከሥጋ ቤት ጥሬ ሳንባና ጉበት የሚበላ ውሻ ለሰው የሚተርፍ አደገኛ ኮሶ ሊይዝ ስለሚችል በየ6 ሳምንቱ ይሰጠው፣ ወይም ቀቅላችሁ አብሉት። ለሌላው አዋቂ ውሻ በየ3 ወሩ ይበቃል።

ለቡችላ ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ፈሳሽ የትል መድኃኒት ይመረጣል። ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን የተባለ የትል መድኃኒት ግን በምንም ዋጋ አትግዙ፤ የመጠን ስህተት ውሻ ሊገድል ይችላል።