ለኤሌክትሪክ መኪና ላቫጆ፣ ሴራሚክ እና ፒፒኤፍ፦ ብርዎ የት ይዋል?

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የአዲስ አበባ ላቫጆዎች ደንበኛ ተቀይሯል። ቪትዝና ኮሮላ ይሰለፉበት በነበረው ግቢ አሁን አይዲ 4፣ አይዲ 6፣ ቢዋይዲ ሲጋልና ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ ተራ ይጠብቃሉ። አስተጣጠቡ ግን ያው ነው፦ ኃይለኛ ውሃ፣ ኦሞ የተበጠበጠበት ባልዲ፣ ከጎማ እስከ ጣሪያ የሚዞር አንድ ስፖንጅ። ከባልዲው በላይ ደግሞ ግድግዳው ላይ «ናኖ ሴራሚክ»፣ «9ኤች»፣ «ፒፒኤፍ» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። እዚህ የምንመዝነው ሦስቱን አገልግሎቶች ነው፤ ተራውን እጥበት፣ ቀለም ላይ የሚቀባውን መከላከያ ፈሳሽ ሴራሚኩንና ቀለም ላይ የሚለጠፈውን ግልጽ ፕላስቲክ ፒፒኤፉን። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ እጥበቱ ሳይስተካከል ሴራሚክ ያስቀባ ሰው ብሩን ውሃ በላው።

የመኪና ቀለም ስስ ነገር ነው። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ከብረቱ በላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው። የሚያብለጨልጨውና ፀሐይን የሚመክተው የላይኛው ቫርኒሽ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ይህን ስስ ነገር በየሳምንቱ የሚፍቀው ስፖንጁ ውስጥ የተደበቀው አሸዋ ነው። የከተማው አቧራ ደግሞ አፈር ብቻ አይደለም፤ ሲሚንቶ አለበት፣ የድንጋይ ብናኝ አለበት፣ ፌሮ ሲቆረጥ የሚረጭ የብረት ፍንጣሪ አለበት። ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ኮፈኑ ላይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የዚህ ሥራ ነው። ነጩም ላይ አለ፤ አይታይም እንጂ።

ስለዚህ ላቫጆ ሲመርጡ ስለ ማሽኑ አይጨነቁ፤ አጣቢው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይዩ። ደህና አጣቢ እጁን ከማሳረፉ በፊት ሁለት ጊዜ ውሃ ያለብሳል። መጀመሪያ ከጣሪያ ወደታች ያጥባል፤ የውሃው አፍ እንደ መርፌ የሰላ ሳይሆን እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ መሆን አለበት፣ ከአካሉም ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከዚያ ፎሙን ይረጫል፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያቆየዋል፣ ሳይደርቅ ያጥበዋል። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ በጋለ ኮፈን ላይ ፎም የሚረጭ ላቫጆ ካዩ ይመለሱ፤ ሳሙናው ባለበት ደርቆ እድፉን ይተዋል። እጅ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፦ አንዱ ሻምፑ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። የማይክሮፋይበር ጓንቱ አንድ በር ባጠበ ቁጥር ንጹሑ ውሃ ውስጥ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ እንደገና ሻምፑ ይነከራል። እጁ እንደ ምጣድ ማሰሻ አይዙር፤ በቀጥታ መስመር ይሂድ። የበሮቹ ታችኛው ክፍልና የኋላ ፓራውልት መጨረሻ ይታጠባሉ፤ ለቸርኬ የተመደበው ብሩሽና ጨርቅ ደግሞ ቀለም ፈጽሞ አይነካም።

ሻምፑውን ይዘው ቢሄዱ ማንም አይቆጣዎትም፤ ብዙ ላቫጆ እንዲያውም ደስ ይለዋል፣ የራሱን ቆጠበ። በቀላሉ ከሚታወቁት ውስጥ የሜጓየርስ ጎልድ ክላስ መጠኑ 30 ሚሊ ሊትር ለ4 ሊትር ገደማ ውሃ ነው። ለ10 ሊትር ባልዲ 75 ሚሊ፣ ማለትም የቡና ስኒ ሙሉ ይበቃል። ከዚያ በላይ መጨመር ማለቅለቂያ ውሃ ከማስፈጀት በቀር ጥቅም የለውም። ኦሞ ግን ለልብስ ነው። ፒኤቹ ወደ 10 የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ስለሆነ ሰሙን ያነሳል፣ ሴራሚኩ ላይ ውሃ መንከባለሉን ያደክማል፤ በአይዲ 4 ዙሪያ ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አመድማ ያደርገዋል። ላርጎም የምጣድ ቅባት እንደሚያነሳ ሁሉ የመኪናውን ሰም ያነሳል።

ማድረቁ ላይ ብዙ ላቫጆ ይወድቃል። ቅድም የበሩን ጥግ የጠረገው ጨርቅ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። አንድ ትልቅ የማይክሮፋይበር ፎጣ መኪናው ውስጥ ይኑርዎት። ኮፈኑ ላይ ዘርግተው በቀስታ ይጎትቱት፤ አይፈትጉ። ውሃው የጉድጓድ ከሆነ፣ ወይም መኪናው እንደ ድሬዳዋ ካልሲየም በበዛበት ከተማ የሚታጠብ ከሆነ፣ በአየር ይድረቅ ብሎ መተው ነጭ ክብ ምልክት ያስቀራል። ምልክቱ ትኩስ ከሆነ ነጭ ኮምጣጤን ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ፣ ቀለሙ ቀዝቅዞ ሳለ አንድ ሁለት ደቂቃ ማስነካትና ማጠብ ያነሳዋል። ከቆየ ቫርኒሹን በልቶ ይገባል፤ ያኔ ከፖሊሽ በቀር አይለቅም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ጉዳይ እንምጣ። «ሞተሩም ይታጠብ?» ሲባሉ መልሱ አይሆንም ነው። ኮፈኑ ሥር የሚያዩት ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚተላለፍበት ነው። ባትሪውም ሆነ ማገናኛዎቹ ውሃ እንዳያስገቡ ታሽገዋል፤ ብዙዎቹ ባትሪዎች አይፒ67 የሚል ደረጃ አላቸው። ይህ ደረጃ የሚናገረው 1 ሜትር ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ስለ መቆየት ነው። ከቅርብ በግፊት የሚወረወር ውሃ የሚፈተነው በሌላ ደረጃ ነው። «ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ምንም አልሆነም» የሚለው ክርክር ስለዚህ ለላቫጆ ማሽን መልስ አይሆንም። ኮፈን ሥር እርጥብ ጨርቅ ይበቃል፤ የሞተር ዘይት ስለሌለ የሚታጠብ ቅባትም የለም።

ከሥር ናፍጣ መርጨት ለድሮ መኪና የቆየ ልማድ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና እሺ አይበሉ። ናፍጣ ጎሚኒዎችንና ሌላውን ጎማ ነገር ያሳብጣል፣ ቀጥሎም አቧራ ይሰበስባል። በክረምት ከሥር የሚያስፈልገው ጭቃውን ከፓራፋንጎው ውስጥና ከጎማው ጀርባ በለዘብተኛ ውሃ ማስወጣት ብቻ ነው።

ከሁሉ ውድ ስህተት የሚሠራው መኪናው በሊፍት ወይም በክሪክ ሲነሳ ነው። የመኪናው ሆድ ባትሪ ነው፤ በትልቁ አይዲ 4 ላይ ብቻውን ወደ 500 ኪሎ ይመዝናል። መሐል ለመሐል ሻንሲ የሚገፋ የላቫጆ ሊፍት ወይም የትም የሚገባ ክሪክ የባትሪውን ሽፋን ሊያጎብጠው ይችላል፤ የተጎዳ ባትሪ ደግሞ በባትላሜራ የሚቃና ነገር አይደለም። መነሳት ያለበት በጎንና ጎን፣ ከበሮቹ ሥር ፋብሪካው ምልክት ባደረገባቸው አራት ነጥቦች ብቻ ነው። አጣቢው ነጥቦቹን ካላወቀ መኪናው አይነሳ፤ ፎሳ ካለ በፎሳ ይታጠብ።

ቻርጅ ላይ ሆኖ አይታጠብም። የቻርጅ መክደኛው ዝግ መሆኑን ራስዎ ያረጋግጡ። ከቻይና በመጡት መኪኖች የጂቢ/ቲ (የቻይና ደረጃ) የቻርጅ ሶኬቶች ላይ ትንሿ የጎማ ክዳን ሳትገጠም ውጪው ብቻ ተዘግቶ ይገኛል። ውሃ ከገባ ለመውጣት ቀዳዳ አለው፤ እርጥብ ሆኖ ከተሰካ ግን ቻርጀሩ የኤሌክትሪክ መፍሰስ አይቶ ሊያቋርጥ ይችላል። ጥላ ላይ ከፍቶ ማድረቅ ነው፤ በጨርቅ ወይም በእንጨት ፒኖቹን መጎርጎር የለም። ሌላው ችግር ቁልፉ ነው። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ከቆሙ፣ በእጀታው ንክኪ የሚከፈት መኪና ውሃ በነካው ቁጥር ሲዘጋና ሲከፈት ይቆያል። በእግር እንቅስቃሴ የሚከፈት የኋላ በር ያለው ደግሞ ውሃው ፓራውልቱ ሥር ሲወርድ እግር መስሎት ይከፈታል፤ ውሃው ወንበር ላይ! ቁልፉን ይዘው ራቅ ብለው ይቀመጡ። ዝናብ ሲነካው በራሱ የሚነሳውን የመስታወት መጥረጊያም ያጥፉት፤ አለበለዚያ አሸዋውን ይዞ መስታወቱን ይፍቃል።

ኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት የሚቀንሰው በአብዛኛው በሞተሩ ስለሆነ የፍሬኑ ዲስክ ሥራ ይፈታል። ታጥቦ እርጥብ ሆኖ ከቆመ በማግሥቱ ዝገት ይለብሳል። ከላቫጆ እንደወጡ ከኋላዎ ሰው አለመኖሩን አይተው በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ሦስት አራት ጊዜ ጠንከር አድርገው ፍሬን ይያዙ። ለስለስ ያለ መርገጥ የሞተሩን ብሬክ ብቻ ስለሚያሠራ ዲስኩን አያደርቅም። የአይዲ 4 የኋላ ፍሬን ከበሮ የሆነውም አንድም ለዚህ ነው፤ ዝግ ስለሆነ ዝገቱን ይቋቋማል።

ሴራሚክ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከላይ ያለው ሁሉ ካልተሟላ ወደዚህ አይለፉ። ሴራሚክ ሲሊካን መሠረት ያደረገ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ማይክሮን አይዘልም። ጥሩ የሚሠራው ነገር አለ፦ ውሃ ይንከባለላል፣ ጭቃ ቶሎ ይለቃል፣ የወፍ ኩስ ለማንሳት ጊዜ ያገኛሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ለሚጠነክረው ፀሐይም የተወሰነ እገዛ አለው። ጠጠር ግን አያቆምም፤ ስፖንጅ ውስጥ ያለ አሸዋም ያሸንፈዋል። «9ኤች» የሚባለው በእርሳስ ጭረት የሚለካ ደረጃ ነው፤ ሻጩ እንደሚያወራው የአልማዝ ዘመድ አይደለም።

ዋጋው ያለው ዝግጅቱ ላይ ነው። ሥራው በሦስት ሰዓት ውስጥ አልቆ መኪናዎን ከተረከቡ የተቀባው ጭረቱ ላይ ነው፤ ጭረቱም ከሴራሚኩ ሥር ይቆያል። መጀመሪያ የብረት ብናኝ የሚያሟሟው ፈሳሽ ይረጫል። ብረት ሲያገኝ ሐምራዊ ሆኖ ይወርዳል፤ ነጭ መኪና ላይ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። ቀጥሎ በጭቃ መሰል ክሌይ ይታሻል፣ ፖሊሽ ይደረጋል፣ በአልኮል ቅባቱ ይጠረጋል። ፖሊሽ ቫርኒሹን በጥቂት ማይክሮን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባለሙያው የቀለም ውፍረት መለኪያ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የሌለው ሰው በግምት እየፋቀ ነው። መለኪያው ሌላም ይነግርዎታል፦ «አዲስ» ተብሎ የተገዛ መኪና አንድ በሩ ላይ 300 ማይክሮን ካነበበ ያ በር እንደገና ተቀብቷል። ፈሳሹ ወደ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቦታ እየተቀባ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ይጠረጋል። ካለፈ ጠቆር ያለ ጥላ ሆኖ ይደርቅና ያለ ፖሊሽ አይለቅም። 24 ሰዓት ውሃ፣ አንድ ሳምንት ያህል ሳሙና እንዳይነካው ይደረጋል። «አሁኑኑ ይውሰዱት፣ ዝናብም ቢመታው ችግር የለም» የሚል ቤት ምናልባት የቀባልዎ በጠርሙስ የሚረጨውን ቀላሉን ነው። እሱም መጥፎ አይደለም፤ ራስዎ በየጥቂት ወሩ ቢረጩት ለብዙ ሰው በቂ ነው። ብቻ በሴራሚክ ዋጋ አይከፈልበትም።

ፒፒኤፍ ከሴራሚክ በዋጋ እጅግ ይርቃል፤ በሥራም ይርቃል። ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚሆን ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ጠጠር የሚያቆም እሱ ብቻ ነው። ደህናው ቲፒዩ ይባላል፣ ሲሳብ ይለጠጥና ይመለሳል፤ ቀላል ጭረቱ በሞቀ ውሃ ወይም በፀሐይ ሙቀት ይጠፋል። በርካሽ የሚሸጠው ፒቪሲ ይደርቃል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሲነሳም ሙጫውን ጥሎ ይሄዳል። ቁራጭ አስመጥተው በእጅዎ ይለጥጡት፤ እንደ ፌስታል ተዘርግቶ ከቀረ ቲፒዩ አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ «የት ነው የምትቆርጡት?» ነው። በኮምፒውተር ቅርጽ ተቆርጦ የሚመጣ ይሻላል፤ መኪናው ላይ በምላጭ የሚቆረጥ ከሆነ ቀለሙ ላይ መስመር ይቀራል፣ መስመሩም ዝገት ይጠራል። የፓርኪንግ ሴንሰሮቹ ክቦች ላይ ፊልም አይለጠፍም።

ሙሉ መኪናውን ማልበስ ለአብዛኛው ባለቤት አይመከርም። ወደ አዳማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ የሚመላለስ ኮፈኑን፣ የፊት ፓራውልቱን፣ መብራቶቹንና የጎን መስታወቶቹን ያስለጥፍ፤ የቀረው አካል ላይ የሚረጨው ሴራሚክ ይበቃል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሁለት ባልዲ፣ ጥሩ ጓንትና ሻምፑ ይቅደሙ። የተለጠፈ ፊልም አንድ ሳምንት ሳይታጠብ ይቆይ፤ መጀመሪያ የሚታዩት የውሃ አረፋዎች በራሳቸው ይጠፋሉ፣ በጥፍር አይነኩ። ከዚያ በኋላም የላቫጆው ውሃ ከጫፎቹ 50 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ጫፉ አንዴ ከተነሳ አቧራ ይገባበትና ተመልሶ አይጣበቅም።