ባለ 200 አምፔር ሚግ ማሽኔ ከወራት ሥራ በኋላ

ስለ ብየዳ ማሽን ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው አምፔሩ ነው። እኔ ግን ይህን ማሽን ከያዝኩ ወዲህ የምመዝነው በሌላ ነገር ነው። በይጄ ስጨርስ ለግራይንደሩ ምን ያህል ሥራ ይተርፋል?

አሮጌ ፒክአፕ እንደ አዲስ እየሠራሁ ነው። የኋላ ጭነት ክፍሉ በቱቦላሬና በላሜራ ከባዶ ተሠርቷል። የካቢናው ወለል ተቆርጦ ተተክቷል። ፓራፋንጎዎቹም ሰፋ ብለዋል። ይህ ሁሉ ያለፈው በዚሁ በአንድ ማሽን ነው።

ማሽኑ ኢንቨርተር ነው፣ ማለትም በከባድ ትራንስፎርመር ፈንታ ኤሌክትሪኩን በኤሌክትሮኒክስ የሚቀይር። በጋዝ ሚግ ይሠራል (ሽቦው ከቶርቹ፣ ከእጅ መያዣው፣ በራሱ እየወጣ ይቀልጣል፣ ጋዙም ብየዳውን ከአየር ይከልላል)፣ ያለ ጋዝ ውስጡ ዱቄት ባለው ሽቦ ይሠራል፣ በተለመደው ኤሌክትሮድም ይበይዳል። አንድ ሰው አንስቶ መኪናው ሥር ይዞት ይገባል። በድሮው ትራንስፎርመር የሠራ ሰው ወገብ ይህን ያውቀዋል።

ላሜራ ላይ አፌን ሞልቼ አመሰግነዋለሁ። የካቢና ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ትንሽ ቆየት ካሉበት ወዲያው ይበሳል። እዚያ የምጠቀመው 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው፣ ጋዙም 75 በመቶ አርጎንና 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። መስመር አልጎትትም። አንድ ነጥብ እመታለሁ፣ ራቅ ብዬ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው ጫፍ። የመጀመሪያው በእጅ ሲነካ እስኪያስችል እጠብቃለሁ። ሙቀቱ አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ላሜራው ይሸበሸባል። ከዚያ በኋላ መዶሻና ስቱኮ ነው፣ ማለቂያ የለውም። ይህ ማሽን በዝቅተኛው ልኬትም አርኩ (በሽቦውና በብረቱ መካከል የሚነደው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ቶሎ ይይዛል፣ አያንገራግርም። ኢንዳክታንስ የሚባለውን ማዞሪያ ከፍ ሳደርገው ደግሞ አርኩ ይለሰልሳል፣ ፍንጣሪው ይቀንሳል፣ ነጥቡም ጠፍጠፍ ብሎ ይቀመጣል። ጠፍጣፋ ነጥብ ማለት ለግራይንደር ትንሽ ሥራ ማለት ነው።

ዱቄት ባለው ሽቦ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደጅ ላይ፣ ነፋስ ጋዙን በሚበትንበት ቦታ፣ ያድናል። ለላሜራ ግን አልወደውም። ፍንጣሪው ብዙ ነው፣ ላዩን የሚሸፍነው ቅርፊትም መራገፍ አለበት። በዚያ ላይ ፖላሪቲውን፣ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ገመዶቹን ቦታ፣ መቀየር ግድ ነው፦ በጋዝ ሲሆን ቶርቹ ፖዘቲቭ፣ በዱቄት ሽቦ ሲሆን ኔጌቲቭ። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ይህን በአንዲት ደብዛዛ ሥዕል ነው ያለፈው።

ቱቦላሬው 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ አላስቸገረውም። ወፍራም ብረት ላይ ግን አቅሙ ይታወቃል። ጎኑ ላይ የተጻፈው «30 በመቶ በ200 አምፔር» ከ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ደቂቃ በይደህ 7 ደቂቃ አሳርፈኝ ማለት ነው። የወፍራም ፕሌት ማቀፊያዎቹን ስሠራ የሙቀት መብራቱ እየበራ ሥራ ያስፈታኝ ነበር። ሻሲው ላይ አልተጠቀምኩበትም። ብዙ የጭነት መኪና ሻሲዎች ጠንካራ ብረት ስለሆኑ በሙቀት ጥንካሬያቸው ሊቀንስ ይችላል፤ የጭነት ክፍሉን ያሰርኩት በብሎን ነው።

ቅሬታ? የማሳው፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ ገመድ፣ መቆንጠጫ ለይስሙላ የተሰጠ ነው። ስስ ቆርቆሮ፣ ትንሽ ሲሠራ የሚግል። በከባድ የናስ መቆንጠጫ ስቀይረው አርኩ ራሱ ተረጋጋ። መኪና ላይ ስትበይዱ ማሳውን ከብየዳው አጠገብ እሰሩት፣ ባትሪውንም ፍቱ። ያለዚያ ኤሌክትሪኩ በጎማ ኩሽኔታ ወይም በኮምፒውተሩ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ሌላው ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ ነው። አቧራ ሲጠራቀምበት ሽቦው እየተንገጫገጨ ይወጣል። ሽቦ በቀየርኩ ቁጥር በኮምፕረሰር አየር እነፋዋለሁ።

አሁን ወደ ማጠናቀቁ። ላሜራ ላይ ድንጋይ ዲስክ አላስጠጋም፤ ከነጥቡ ይልቅ ዙሪያውን ይበላል። ባለ ቅጠል የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ፣ መጀመሪያ 60 ቁጥር፣ ከዚያ 80። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ አንድ ቦታ ቆይታችኋል ማለት ነው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ ከመበየዱ በፊት ዚንኩን ፍቁ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ ብረት ለመቅለጥ ደግሞ ወደ 1,500 ይፈልጋል። ስለዚህ ብየዳው ሳይይዝ ዚንኩ ጭስ ይሆናል፤ ብየዳውን በአረፋ ይበሳዋል፣ የተነፈሰውን ሰው ደግሞ እንደ ወባ ያንዘፈዝፋል። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃም ብረት ጠርጋችሁ አትበይዱ። በአርኩ ብርሃንና ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ ይወጣዋል።

ፈቄ እንደጨረስኩ በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል መነሻ ቀለም) እቀባለሁ። የተፈቀ ብረት እርጥበት ካገኘው ለነገ አይቆይም። ከዝናብ ወራት በኋላ ሥሩን ገብቼ አየሁት። ከጀርባው ፕራይመር የደረሰበት ሁሉ ንጹሕ ነው። ከኋላ ጎማ በላይ ሁለት ላሜራ የተደራረበበትና ብሩሽ የማይገባበት መገጣጠሚያ ግን ቡናማ መስመር ጀምሮታል። ይህ የማሽኑ ጥፋት አይደለም። የብየዳ ሙቀት የጀርባውን ቀለም ያቃጥላል፣ የትኛውም ማሽን ቢሆን። አሁን እዚያ የሚረጭ ሰም በቀጭን ቱቦ እየላክሁበት ነው።

ለላሜራና ለቀጭን ቱቦላሬ የሚፈልገው ሰው ይግዛው። ዋና ሥራው ወፍራም ፕሌት ከሆነ ከፍ ያለውን ይፈልግ። ከመግዛቱ በፊት ግን ቶርቹ ይፈታ እንደሆነ ይይ። የእኔው በዩሮ ኮኔክተር፣ ብዙ ፋብሪካዎች በሚጋሩት መሰኪያ፣ የሚገባ ነው፣ የመጀመሪያው ቶርች ሲያልቅ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ገጠምኩበት፣ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ከማሽኑ ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ግን ቢበላሽ መለዋወጫ ፍለጋው ከባድ ነው።