ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያላችሁ፣ ይህችን ፋርማሲስት እወቋት

ክርኔና ጉልበቴ ላይ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ከወጣብኝ 9 ዓመት ሆነኝ። ያለበት ሰው ያውቀዋል። ቅርፊቱ ጥቁር ልብስ አያስለብስም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠው ሰው አይቶ ፈንጠር ይላል። አይተላለፍም እኮ! ግን ለስንቱ ይነገራል?

"ቆዳ የሚድነው ከውስጥ ነው" የሚል ማስታወቂያ አይቼ በቴሌግራም ቫይታሚን መግዛት ጀመርኩ። ኤ፣ ዲ፣ ባዮቲን። ከደሞዜ እየቆረጥኩ 5 ወር ዋጥኩ። ቅርፊቱ ንቅንቅ አላለም። ሻጩን ስጠይቀው "ጨምሪበት" አለኝ።

ቫይታሚን ኤው ሲያልቅብኝ ባዶውን ብልቃጥ ይዤ ኮንዶሚኒየሙ ስር ያለችው ትንሽ ፋርማሲ ገባሁ። ልጅቷ ዝም ብላ ልትሸጥልኝ ትችል ነበር። እሷ ግን ብልቃጡን አዙራ ጀርባውን አነበበች። "በቀን ስንት ትወስጃለሽ እህቴ?" ሁለት አልኳት። እስክሪብቶ አንስታ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችው፤ 25,000 ሲደመር 25,000። ከስሩ ደግሞ ለአዋቂ በቀን ከዚህ አይለፍ የሚባለውን፣ 10,000 ዩኒት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ልጅ እያሰብሽ ነው?" አለችኝ።

እያሰብን ነበር። ሁለተኛ። እስከዛች ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበት ውስጥ እንደሚከማች፣ ጽንስ ላይ ደግሞ የአፈጣጠር ችግር ሊያመጣ እንደሚችል ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ እያለ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ።

ቫይታሚን ጠላት ነው አላለችኝም። እጥረት ያለበት በደም ምርመራ ታይቶ ይወስዳል። ከቫይታሚን ዲ ጋር የሚዛመድ ካልሲፖትሪዮል የሚባል ቅባትም አለ፣ ለሶሪያሲስ ሐኪም ያዘዋል፤ እሱ ግን ቆዳ ላይ የሚቀባ ነው፣ ከሚዋጠው ክኒን ጋር አንድ አይደለም። ዲውም ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ጨምሮ ኩላሊት ይጎዳል አለችኝ። ባዮቲኑ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል ደም ከመስጠትሽ በፊት ተናገሪ አለች።

ምንም ሳትሸጥልኝ አለርት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ሂጂ ብላ ላከችኝ። ከእኛ ሰፈር ሩቅ ነው፣ ግን ሄድኩ። ሐኪሙ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘልኝ፣ ልጁንም ለጊዜው አቆዩት አለን። ድኛለሁ አልልም፣ በሽታው ሄድ መጣ የሚል ነው። ግን ክርኔ ለስልሷል። ባለፈው እሁድ አጭር እጅጌ ለብሼ ቤተክርስቲያን ሄድኩ፣ ከስንት ዓመት በኋላ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አሳያችኋለሁ። እሷ የምትገባው ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ስትሄዱ የምትውጡትን ብልቃጥ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።