ሰውነትን ለጽድቅ ስለማቅረብ የሚያስተምረውን የኦንላይን ኮርስ ጨረስኩት፤ ግምገማዬ ይኸው

ስለ ቅድስና የሚሰጥ ትምህርት ሞልቷል። አብዛኛው ግን «ይህን አትንካ፣ እዚያ አትሂድ» ብሎ ያበቃል። ልክ ነው፣ መከልከል ያለበት ነገር አለ። ግን የተከለከለውን ሁሉ ትቶ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ሰውነቱን ለእግዚአብሔር አቀረበ ይባላል? ይህን ኮርስ የወደድኩት ይህን ጥያቄ ሳይሸሽ ስለሚያነሳ ነው።

ኮርሱ በድምፅ የተቀዱ ትምህርቶች፣ የጽሑፍ ማስታወሻና የቡድን ውይይት አለው። መሠረቱ ሮሜ 6 ነው፤ ጳውሎስ ብልቶቻችሁን የጽድቅ የጦር ዕቃ አድርጋችሁ ለእግዚአብሔር አቅርቡ የሚልበት ቦታ።

የመጀመሪያው ትምህርት ብቻውን ኮርሱን ያስወስዳል። አስተማሪዋ ቀጥታ ወደ ምዕራፍ 6 አትሄድም፣ መጀመሪያ ምዕራፍ 3ን ቀስ ብላ ታነባለች። ጳውሎስ እዚያ የሰውን ኃጢአት የሚገልጸው በአካል ክፍሎች ነው፦ ጉሮሮ፣ ምላስ፣ ከንፈር፣ አፍ፣ እግር፣ ዓይን። ጉሮሮው የተከፈተ መቃብር፣ እግሩ ደም ለማፍሰስ የሚሮጥ። ከዚያ ወደ ምዕራፍ 6 ስትመጣ፣ ያ ሁሉ የተበላሸ አካል ነው «አቅርቡት» የሚባለው። ሌላ አካል አልተሰጠንም! በዚያው በዋሸንበት ምላስ ነው አሁን እውነት የምንናገረው። ሁለቱን ምዕራፎች እንዲህ አያይዞ ያስተማረ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለ ዘሌዋውያን ያለው ክፍልም ድንቅ ነው። በምዕራፍ 8 ሙሴ አሮንን ለክህነት ሲቀድሰው የመሥዋዕቱን ደም የቀኝ ጆሮውን ጫፍ፣ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ያስነካዋል። እንዲሰማ፣ እንዲሠራ፣ እንዲሄድ ማለት ነው ብላ ታስረዳለች። ከዚያ ምዕራፍ 14ን ትከፍታለች። ከለምጽ የነጻው ሰውም በእነዚያው ሦስት ቦታዎች ደም ይቀባል፣ በላዩም ዘይት ይጨመርበታል። ሊቀ ካህናቱና ከሰፈር ውጭ ተገልሎ የኖረው ሰው እኩል! እዚህ ጋ ድምፁን አቁሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

የቤት ሥራዎቹ ቀላል ቢመስሉም ይከብዳሉ። ያዕቆብ 3 ላይ በአንድ አንደበት እግዚአብሔርን እየባረክን ሰውን እንረግማለን ይላል አይደል? የምላስ ትምህርት ላይ የተሰጠን ሥራ ከመተኛታችን በፊት ቀኑን ሙሉ በስልክ የላክነውን መልእክት መልሶ ማንበብ ነው። የእጅ ትምህርት ላይ ደግሞ እጃችን የዋለበትን እንጽፋለን። ኤፌሶን 4፥28 የሰረቀ ሰው ከእንግዲህ አይስረቅ ብሎ አያቆምም፣ ለተቸገረ የሚያካፍለው እንዲኖረው በገዛ እጁ ይሥራ ይላል። የኮርሱ ነፍስ ይህ ነው፤ የሰረቀው እጅ ሰጪ እስኪሆን ድረስ ነገሩ አላለቀም።

ስለ ፆታዊ ንጽሕና ያለውን ክፍልም አመሰግናለሁ። 1ኛ ቆሮንቶስ 6ን ሳያለሳልስ ያስተምራል፣ ሥጋችን በዋጋ የተገዛ ቤተ መቅደስ ነውና። ግን በሌላ ሰው በደል የተጎዳ ሰው ራሱን እንደ ረከሰ እንዳይቆጥር በግልጽ ይናገራል። በውይይቱ ላይም ማንም ገመናውን በሰው ፊት እንዲዘረዝር አይገደድም። ይህን የሚያስብ ሰው ኮርሱን በማዘጋጀቱ ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የዓይን ትምህርት ጥድፊያ በዝቶበታል፣ ምክሩም ስልክ ላይ ምን እንደምንዘጋ ብቻ ነው። ኢዮብ 31ን ይጠቅሳል፣ ግን ከዓይኑ ጋር ቃል ኪዳን የገባበትን ቁጥር 1 ብቻ አንብቦ ያልፋል። እስቲ ምዕራፉን ቀጥሉ። ኢዮብ እንጀራዬን ለብቻዬ በልቼ፣ ልብስ አጥቶ የሚጠፋውን አይቼ ዝም ብዬ እንደሆነ እያለ ራሱን ይመረምራል። ዓይን የሚዘጋ ብቻ ሳይሆን ድሃን የሚያይ ጭምር ነው። ኮርሱ በሌሎቹ ብልቶች ሁሉ የያዘውን መንገድ ዓይን ላይ ሲደርስ ለምን እንደለቀቀው አልገባኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን ስለ ታመመ ሰውነት አንድም ትምህርት አለመኖሩ ነው። አልጋ ላይ የዋለ፣ እጁ የማይታዘዝለት፣ ጉልበቱ ያለቀ አረጋዊ ምን ያቅርብ? ጳውሎስ እኮ ታስሮ ሳለ ነው በፊልጵስዩስ 1፥20 በሕይወት ቢሆን ወይም በሞት ክርስቶስ በሥጋዬ ይከብራል ያለው። ይህን ሳይነኩ ስለ ሰውነት መሥዋዕትነት ማስተማር ጤነኞችን ብቻ ማነጋገር ነው። ጥያቄውን ጽፌላቸው በአክብሮት መልሰውልኛል፣ ግን መልሱ አጭር ነበር። ትምህርት ሆኖ ቢጨመር ለስንቱ በደረሰ!

ድምፁ አልፎ አልፎ ይወርዳል፣ ጆሮ ማዳመጫ ያዙ።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ፣ በተለይ በእምነት አዲስ ከሆናችሁ፣ ሦስተኛውን ትምህርት አስቀድማችሁ ስሙት። ከክርስቶስ ጋር በጥምቀት ሞተን ስለ መነሣታችን የሚያስተምረው እሱ ነው፣ ጳውሎስም ምዕራፍ 6ን የጀመረው ከዚያ ነው። ያን ሳይዙ ወደ ቤት ሥራው መግባት በገዛ ጉልበት መፍጨርጨር ይሆናል። ከዚያ ወደ አንደኛው ተመለሱና በተራው ቀጥሉ።