የመነጽር ቤታችንን ሎኬሽን ላስተካከለችልን ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ ለድሬ ነጋዴዎች

ሰላም ናችሁ የድሬ ሰዎች። በተለይ ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ፔንሲዮን፣ ጋራዥ ያላችሁ ይቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከዚራ ያለውን የመነጽር ቤታችንን አድራሻ ጉግል ማፕ ላይ ያስተካከለችልንን ልጅ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ለእናንተም ልጠቁማት። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ቃሏን አከብራለሁ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ ወይም ሱቅ ብቅ በሉ፣ አገናኛችኋለሁ። አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የምትሠራ፣ ድሬ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቃችን ድሮ ሳቢያን ነበር። ወደ ከዚራ ከተዛወርን ቆየን፤ ካርታው ግን አብሮን አልተዛወረም። የከተማው ሰው በዚህ አልተቸገረም። እዚህ ማንም ቦታ የሚጠይቀው በመንገድ ስም አይደለም፤ “ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ቀጥ ብለህ፣ ትልቁን ዛፍ ሳታልፍ” ከተባለ ይበቃዋል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ጀምሮ ያ ጣቢያ የከተማዋ መለኪያ ነው። የሚቸገረው ከውጭ የሚመጣው ሰው ነው። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ደግሞ ከጅግጅጋ፣ ከሐረር፣ ከጭሮ፣ ከሺኒሌ የሚመጡ ናቸው። ስልካቸው ላይ ይፈልጋሉ፣ የወጣላቸውን ለባጃጅ ሹፌር ያሳያሉ፣ ባጃጁም ሳቢያን የማያውቁት በር ላይ ያወርዳቸዋል።

መነጽር ፈልጎ የሚመጣ ሰው ማየት የሚቸግረው ሰው ነው፤ ይሄ ነው ሆዴን ሲበላኝ የነበረው። አንድ አባት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ከጅግጅጋ ድረስ ይዟቸው መጣ። ሳቢያን ወርደው፣ ጠይቀው፣ የተወሰነውን በእግር፣ የተወሰነውን በባጃጅ አድርገው እኛ ጋ ሲደርሱ የቀትር ፀሐይ ነበር። የድሬን ቀትር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አባትየው ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ መነጽር አንድም ቃል ሳይናገሩ ቀድመው ውኃ ለመኑን። ልጁ አልተቆጣም፤ ስልኩን አውጥቶ ካርታውን አሳየኝና “ይሄ የእናንተ ስም አይደለም ወይ?” አለኝ። የእኛ ስም ነው።

ያኔ ነው የምር መፍትሔ መፈለግ የጀመርነው። ከዚያ በፊት “ከጉግል ጋር ነው የምሠራው” ብሎ ገንዘብ ተቀብሎን የሄደ ሰው ነበር። የጉግል ማፕ ገጻችንን የከፈተው በራሱ ኢሜይል ስለነበር እኛ ልንነካው አልቻልንም፤ እሱም ስልክ ማንሳት አቆመ። ይህን የማነሳው ልጅቷ መጀመሪያ የነገረችን ነገር በቀጥታ ይህን ስለሚመለከት ነው። “ጋሼ፣ ጉግል ለዚህ አገልግሎት ምንም አያስከፍልም። የሚከፍሉኝ ለጊዜዬና ለእውቀቴ ነው። ከጉግል ተልኬ መጣሁ የሚል ካለ አይመኑት” አለችኝ። ይህን ማለት ገበያዋን ሊጎዳባት ይችላል፤ ግን አለችው።

ሥራዋን የጀመረችው ካርታውን በመነካካት አይደለም። መጀመሪያ ስልኳንም የእኛንም ይዛ ስማችንን በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ በተለያየ አጻጻፍ ፈለገችው። ሁለት ቦታ ተገኘን። አንዱ የሳቢያኑ ነው። ሌላውን ማን እንደከፈተው አናውቅም፤ ስማችን በሌላ ፊደል ተጽፎ ምልክቱ ደቻቱ አሸዋ ላይ ተቀምጧል። ወንዙ መሀል! ከዚራ ላይ ግን አንድም የለም። እኔ “በቃ አዲስ እንክፈት” ስል እሷ እምቢ አለች። አዲስ ከተከፈተ ሦስት ቦታ እንሆናለን፣ ፈላጊው ይበልጥ ይደናገራል፤ ለዓመታት ሰው የጻፈልን አስተያየት ሁሉ ያለው ደግሞ በሳቢያኑ ገጽ ነው። ስለዚህ የሳቢያኑን ባለቤትነት በሥርዓቱ ጠየቀች። ገጹን የያዘው ሰው መልእክት ይደርሰዋል፣ ጥቂት ቀን ይሰጠዋል፣ ካልመለሰ እውነተኛው ባለቤት ራሱን እንዲያረጋግጥ በር ይከፈታል። አልመለሰም፤ ለእኛ ተከፈተልን።

ማረጋገጫው ድሮ ኮድ የተጻፈበት ካርድ በፖስታ መላክ ነበር። ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን እንጂ ሱቅ ድረስ በማይመጣበት አገር ይህ ለብዙ ነጋዴ የማይሆን ነገር ነበር። አሁን በቪዲዮ ይቻላል። ቪዲዮው የማይቆራረጥ፣ ያልተቀናበረ መሆን አለበት፤ አካባቢውን፣ የሱቁን ታፔላና ሥራውን የምታስተዳድረው አንተ መሆንህን ማሳየት ይኖርበታል። መጀመሪያ የላክነው ታፔላው በፀሐይ ነጸብራቅ ስላልተነበበ ተመለሰ። እሷም በማለዳ፣ ፀሐይዋ ግድግዳውን ሳትመታው መጣች። ከመንገዱ ጥግ ጀምራ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ተራመደች፤ የጎረቤቶቻችንን ታፔላ፣ ከዚያ የእኛን ቀረጸች። “ቁልፉን እርስዎ ይክፈቱ፣ የሚያሳምነው እሱ ነው” ብላኝ ስለነበር መዝጊያውን ከፍቼ ገባሁ። ከኋላዬ ገብታ የሌንስ መቁረጫ ማሽኑን፣ የመነጽር መደርደሪያውን፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ አሳየች። አንዲት ደንበኛ ቀድማ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ልጅቷ ስልኳን ወደ መሬት አዘንብላ አለፈቻት፤ የሰው ፊት እንዳይገባ ብላ። ይቺ ጥንቃቄዋ ዛሬም ትገርመኛለች።

ባለቤትነቱ ሲጸድቅ ምልክቱን ከሳቢያን አንስታ ጣሪያችን ላይ አስቀመጠችው፤ የደቻቱንም ተደጋጋሚ ነው ብላ አመለከተች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠፋ። አብዛኛው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ “ጨረስኩ” ብሎ ሂሳቡን ይቀበል ነበር። እሷ ግን የሥራ ሰዓታችንን አየች።

ካርታው ላይ የምንከፍተው በ2 ሰዓት፣ የምንዘጋው በ12 ሰዓት ይላል። በእኛ አቆጣጠር ትክክል ነው፤ ጉግል ግን የሚያውቀው በፈረንጅ ነው። ስለዚህ ለፈላጊው የሚነግረው ሌሊት 8 ሰዓት ከፍተን እኩለ ቀን ላይ እንደምንዘጋ ነበር። ከሰዓት በኋላ የፈለገን ሁሉ “ተዘግቷል” የሚል ቀይ ጽሁፍ ሲያይ ኖሯል ማለት ነው። እሷ ሰዓቱን አስተካክላ አላበቃችም። ድሬ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግቶ ያርፋል፣ ፀሐይ ስትበርድ እንደገና ይከፍታል። ካርታው በቀን ሁለት ጊዜ መክፈትና መዝጋት እንደሚቀበል አሳየችንና ጠዋቱን ለብቻ፣ ማታውን ለብቻ ሞላችው። ዓርብ ለጸሎት የምንዘጋበትንም ለይታ አስገባች። እባካችሁ አሁኑኑ የራሳችሁን ገጽ ከፍታችሁ ሰዓቱን እዩ። እኔ ከዚያ ወዲህ የጎረቤቶቼን አይቼ ተመሳሳይ ስህተት አግኝቼባቸዋለሁ።

ቀጥላ የፌስቡክ ገጻችንን፣ ቴሌግራማችንን፣ ደረሰኛችንን ሳይቀር አገላበጠች። አንዱ ላይ ሳቢያን፣ ሌላው ላይ ከዚራ፣ አንዱ ላይ የማይሠራ ስልክ ነበር። ስም፣ አድራሻና ስልክ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ካልሆነ የተስተካከለውም ተመልሶ ሊበላሽ እንደሚችል ነገረችን፤ አንድ ሰው የድሮውን አይቶ “ማስተካከያ” ሊልክ ይችላልና። ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ነጻ ካርታ ላይም አስገባችን። ቱሪስቶች ያለ ኢንተርኔት የሚጠቀሙባቸው እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉት ካርታቸውን የሚወስዱት ከዚያ ነው። በመጨረሻም ፕላስ ኮዳችንን አውጥታ የቢዝነስ ካርዳችን ላይ እንዲታተም አደረገች። ይህ ኮድ ከኬንትሮስና ከኬክሮስ የሚወጣ አጭር የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው፤ የመንገድ ስምም የቤት ቁጥርም አይፈልግም፣ በግምት 14 ሜትር በ14 ሜትር የሆነች ቦታ ያመለክታል። ለእኛ ከተማ የተሠራ ነው የሚመስለው።

አንድ ኮከብ ሰጥተው “ቦታው ላይ የሉም” ብለው የጻፉ ሰዎች ነበሩ። አስጠፊልኝ አልኳት። የጻፉት እውነት ስለሆነ አይጠፋም፣ ማጥፋትም ተገቢ አይደለም አለችኝ። በእያንዳንዱ ሥር ይቅርታ ጠይቀን አዲሱን ቦታ እንድንጽፍ አደረገች። ዘመዶቼ አምስት ኮከብ ይስጡ የሚለውን ሐሳብም አልተቀበለችውም።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳት ግን ለዚህ ነው፦ ገጹ አሁን ያለው በእኔ ኢሜይል ነው፤ ዋና ባለቤት እኔ ነኝ። እሷ እስክትጨርስ ብቻ አስተዳዳሪ ሆና ገባች። ሲያልቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ራሷን ከዝርዝሩ ስትሰርዝ አሳየችኝ፤ ሰዓት መቀየርና ፎቶ መጨመርንም ለባለቤቴ አስተማረቻት። ሂሳቧን የተቀበለችው ከዚያ በኋላ ነው፣ በቴሌብር፣ መጀመሪያ የተነጋገርነውን ብቻ። ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅሽ ይባረክ። ቤተሰቤ በሙሉ ያመሰግንሻል።

እሷ ጋ የምትሄዱ ሰዎች ንግድ ፈቃዳችሁንና የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል ይዛችሁ ሂዱ፤ የይለፍ ቃሉን ራሳችሁ ትጽፉታላችሁ እንጂ አትነግሯትም፣ እሷም አትጠይቃችሁም። ታፔላ የሌላችሁ መጀመሪያ አሠሩ፤ ያለ ታፔላ ቪዲዮው የማለፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ጠዋት ብትሄዱ ታገኟታላችሁ፣ ማታ ማታ ሱቆች ስትዞር ነው የምታመሸው።